ቀንዳሟ ፊደል

አጎቴ ዩክሬን ውስጥ ካርኪቭ ከተማ ተምረው የመጡ መሐንዲስ ናቸው። በደርግ ጊዜ ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። ስድስት ዓመት ኖረውባታል። ልጆች ሳለን ራሺያኛ እንዲያወሩልን እንለምናቸው ነበር። እሳቸውም ደስ እያላቸው በቃላቸው የያዙትን ግጥም ይወጡልን ነበር። በ2022 ጦርነቱ ሲጀመር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የሚያውቁት ሰፈር ሲጋይ አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ምን እንደምላቸው ጠፋኝና ወሬ ለማስቀየር ያህል አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ዩክሬንኛም ይችላሉ?»

«የምን ዩክሬንኛ?» አሉኝ። «እኛን ያስተማሩን ራሺያኛ ነው። ከተማውም የሚያወራው ራሺያኛ ነበር።» ቆይተው ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «የመኝታ ሕንፃችን ዘበኛ አንዲት ባልቴት ነበረች። ብቻዋን ስትሆን በሌላ ቋንቋ ታጉተመትማለች። ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ፣ የገጠር አነጋገር ነው አሉን።»

የገጠር አነጋገር። ይህች አባባል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ካርኪቭ እኮ እስከ 1934 ድረስ የሶቪየት ዩክሬን ዋና ከተማ ነበረች። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የአገሬው ቋንቋ በገዛ መዲናው ውስጥ እንዴት የገጠር አነጋገር ተባለ? ይህን ለማወቅ ማንበብ ስጀምር አንድ ሰው በየቦታው ብቅ ይልብኝ ጀመር። ሚኮላ ስክሪፕኒክ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ፤ ሰውዬው ከሐሳቤ አልወጣም።

ስክሪፕኒክ የተወለደው በ1872 ነው፤ ዶንባስ ውስጥ፣ ያሲኑቫታ በሚባል ቦታ። አባቱ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። የተማረው ባርቪንኮቬና ኢዝዩም ነው። ኢዝዩምን የሰሞኑን ጦርነት የተከታተለ ሁሉ ያውቃታል። እሱ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በ1876፣ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር ጀርመን አገር ኤምስ በምትባል የጠበል ከተማ ሆኖ አንድ አዋጅ ፈረመ። በግዛቱ ውስጥ በዩክሬንኛ መጽሐፍ ማተም ተከለከለ። ከጥቂት ነገር በቀር ሁሉም ተዘጋ። እናትህ የምታናግርህ ቋንቋ በሕግ ከማተሚያ ቤት ሲባረር እያየህ ታድጋለህ ማለት ነው። ልጁ ግን የዩክሬኑን ባለቅኔ የታራስ ሼቭቼንኮን ግጥሞች አገኘና አነበበ። ወደ አብዮት የገባው በዚያ በር ነው።

በ1900 ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ የቴክኖሎጂ ተቋም ገባ። በዓመቱ በሰላማዊ ሰልፍ ተያዘ። ትምህርቱ እዚያ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እስርና ሽሽት ነው። 15 ጊዜ ታሰረ። 7 ጊዜ ተጋዘ። አንድ ጊዜ ሞት ተፈርዶበታል። ያኩትያ ድረስ፣ ምራቅ መሬት ሳይነካ በረዶ ወደሚሆንበት አገር ተልኳል። ደጋግሞ አመለጠ። በ1914 የቦልሼቪኮች ጋዜጣ የፕራቭዳ አዘጋጅ ሆኖ ሳለ እንደገና ተያዘ። ሃያ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ በዚህ አለፈ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው በኋላ ሚኒስትር ሆኖ ወንበር ላይ የተቀመጠው።

በ1917 ዛሩ ሲወርድ ፔትሮግራድ ደረሰ። በጥቅምቱ አብዮት ውስጥ ነበረበት። በመጋቢት 1918 ሌኒን የሶቪየት ዩክሬን መንግሥት መሪ አድርጎ ላከው። የምን መንግሥት ነው ግን፤ የጀርመን ጦር እየገፋ ነው፣ መንግሥቱ ከከተማ ከተማ እየሸሸ ነው። መጨረሻ ላይ አዞቭ ባሕር ዳር ታጋንሮግ ደረሱ።

ያቺን የታጋንሮግ ስብሰባ ደጋግሜ አስባታለሁ። ሚያዝያ 1918 ነው። መሬታቸውን ያጡ ጥቂት ኮሚኒስቶች ተሰብስበዋል። ጥያቄው አንድ ነው፦ የዩክሬን ኮሚኒስቶች የራሳቸው ፓርቲ ይኑራቸው ወይስ የሩሲያው ቅርንጫፍ ይሁኑ? ስክሪፕኒክ የራሳችን ይሁን አለ። ከሩሲያው ፓርቲ ጋር የምንገናኘው በዓለም አቀፉ የኮሚኒስቶች ማኅበር በኩል ነው፣ እንደ እኩያ ነው አለ። ሐሳቡ አሸነፈ። ግን ምን ዋጋ አለው። በሐምሌ ሞስኮ ላይ ጉባኤ ሲጠራ ውሳኔው ተገለበጠ። የዩክሬን ፓርቲ የሩሲያው ፓርቲ አካል ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወጣ ነበር። እሱ አልወጣም። ከዚያም ብሶ፣ በዚያው በ1918 ክረምት ቼካ ገባ። ቼካ የአብዮቱ ምስጢራዊ ፖሊስ ነው፤ ያለ ፍርድ ቤት ሰው የሚረሽን። ስክሪፕኒክ ፀረ አብዮትን በሚዋጋው ክፍል ኃላፊነት ነበረው። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ያን ወቅት ዘልዬ ማለፍ አምሮኝ ነበር። ወድጄው ስለነበረ ነው። ግን ለቋንቋው የሞተውን ስክሪፕኒክ ብቻ አንስቼ የቼካውን ብተወው፣ የሱን ታሪክ ሳይሆን የራሴን ምኞት ነው የምጽፈው።

ከዚያ በኋላ ሹመቱ ተከታተለ። የአገር ውስጥ ጉዳይ፣ ከዚያ ከ1922 እስከ 1927 ፍትሕ። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን በ1923 በ12ኛው የፓርቲ ጉባኤ ሞስኮ ላይ የተናገረው ነው። ሶቪየት ኅብረት ገና መመሥረቷ ነው። ስክሪፕኒክ ተነሥቶ የሩሲያ ትምክህት በፓርቲው ውስጥ አለ አለ። ቀዩ ጦር ራሱ የዩክሬንን ገበሬ ልጅ ሩሲያዊ ማድረጊያ መሣሪያ ሆኗል አለ። ስለ ትልቁ ብሔር ትምክህት አንድ ቃል በተነሣ ቁጥር ወዲያው ስለ ትንንሾቹ ብሔርተኝነት ሌላ ቃል እየጨመራችሁ ሒሳቡን ታመጣጥናላችሁ፣ በዚህም ምንም ሳይሠራ ይቀራል አለ። ስታሊን በተቀመጠበት ነው ይህን ሁሉ የሚለው።

ይህ ክርክር ለኛ እንግዳ አይደለም። የተማሪዎቹ እንቅስቃሴ ትውልድ «የብሔረሰቦች ጥያቄ»ን ሲያነሣ የሚያነበው የሌኒንንና የስታሊንን ጽሑፍ ነበር። «የራስን ዕድል በራስ መወሰን እስከ መገንጠል» የሚለው ሐረግ ከዚያ መንደር የመጣ ነው። ዛሬ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 39 ላይ አለ። የሶቪየት ኅብረት የ1924 ሕገ መንግሥትም ለሪፐብሊኮቹ የመውጣት መብት ሰጥቶ ነበር። ስክሪፕኒክ እንደነዚህ ያሉትን ቃላት የምር አድርጎ ወሰዳቸው። ወረቀት ላይ የተጻፈውን «በሉ እንሥራበት» የሚል ሰው ነበር። የኋላ ኋላ የገደለው ይህ ይመስለኛል።

ከ1923 ጀምሮ ፓርቲው ዩክሬናይዜሽን የሚባል መርሐ ግብር አወጀ። የመንግሥት ሠራተኛ ዩክሬንኛ ይማር፣ ይፈተን። ትምህርት ቤቱ፣ ጋዜጣው፣ ቢሮው በዩክሬንኛ ይሁን። ከ1924 ጀምሮ የትምህርት ሚኒስትርነቱን የያዘው ኦሌክሳንድር ሹምስኪ ነበር። ሹምስኪ ይፍጠን ብሎ ገፋ፤ ከስታሊን ሰዎች ጋር ተጋጨ። በ1926 ስታሊን በሱና በደራሲው ሚኮላ ኽቪልዮቪ ላይ ደብዳቤ ጻፈ። በ1927 ሹምስኪ ወረደ። «ሹምስኪዝም» የሚል የኃጢአት ስም ወጣለት። ይህን ዘመቻ በግንባር ቀደምነት ከመሩት አንዱ ስክሪፕኒክ ነው። ወንበሩንም የወረሰው እሱ ነው። ይህም ይከብደኛል። ከስድስት ዓመት በኋላ በራሱ ላይ የተሠራበትን ነገር እሱ ቀድሞ በጓደኛው ላይ ሠርቶታል።

ግን ያን ወንበር ይዞ የሠራውን ሥራ ማን ይክደዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ትምህርት ቤት በዩክሬንኛ ማስተማር ጀመረ። ካርኪቭ በዩክሬንኛ ኦፔራ ሰማች። የሌስ ኩርባስ ቲያትር ከኪዬቭ ወደ ካርኪቭ መጥቶ ነበር። እሱ የሚያስበው ደግሞ ለዩክሬናውያን ብቻ አልነበረም። ለአይሁድ በዪዲሽ፣ ለፖላንዶች በፖላንድኛ፣ ማሪዮፖል አካባቢ ላሉት ግሪኮች በየቋንቋቸው ትምህርት ቤት ይከፈት ነበር። ከዩክሬን ድንበር ውጭ፣ ሩሲያ ውስጥ ኩባን ላይ ለሚኖሩት ዩክሬናውያንም ትምህርት ቤት ይከፈት፣ መጽሐፍ ይላክ እያለ ይከራከር ነበር። ይህን ሞስኮ አልወደደችለትም።

አሁን ወደ ፊደሏ ልምጣ። ለኔ የዚህ ሰው ሕይወት ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ከግንቦት 25 እስከ ሰኔ 6 ቀን 1927 ካርኪቭ ላይ አንድ ጉባኤ ተካሄደ። ስለ ጽሕፈት ሥርዓት ነው። ያኔ ዩክሬናውያን በተለያዩ መንግሥታት ሥር ነበሩ። ምሥራቁ በሶቪየት፣ ምዕራቡ ጋሊሺያ በፖላንድ። ሁለቱ ወገኖች የውጭ ቃል የሚጽፉት በተለያየ መንገድ ነበር። ስክሪፕኒክ ከጋሊሺያዋ ከተማ ከሊቪቭም ሊቃውንት አስመጣ። አንድ ሕዝብ በአንድ ሥርዓት ይጻፍ ነው ሐሳቡ። ሰዎቹ ስለ «ል» ድምፅ ቀናትን ሙሉ ተከራከሩ። ስክሪፕኒክ ራሱ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጨመሩ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ አልጸደቀም። በመጨረሻ በመስከረም 1928 የጽሕፈት ሥርዓቱን ፈረመ። ሕዝቡ በስሙ «ስክሪፕኒኪቭካ» አለው።

በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቦታዋ የተጠበቀላት አንዲት ፊደል ነበረች። ዩክሬንኛ ሁለት ድምፅ አለው። አንደኛው ወደ «ህ» የሚጠጋ፣ ሌላው ጥርት ያለ «ግ»። የመጀመሪያው በተለመደው ፊደል ይጻፋል። ለሁለተኛው ያቺው ፊደል ጫፏ ላይ ትንሽ ቀንድ ይወጣላታል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ አንዲት የብዕር ጭረት። ግን ቀንዷ ስትኖር «ግራቲ» ይባላል፤ የእስር ቤት የብረት ፍርግርግ ማለት ነው። ቀንዷ ስትጠፋ «ህራቲ» ይሆናል፤ መጫወት ማለት ነው። ቀንድ ያለው «ግኒት» የኩራዝ ክር ነው። ቀንድ የሌለው «ህኒት» ጭቆና ነው።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ «ፀሐይ ሠረቀ» ወጣ ማለት ነው። በእሳቱ «ሰ» ሲሆን ሌባ ሰረቀ ነው። የኛ ልዩነት ከድምፅ ጠፍቶ ዓይን ላይ ብቻ ቀርቷል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ፣ አይቀነሱ የሚለው ክርክርም እኔ ሳልወለድ የተጀመረ ነው። የነሱ ግን ድምፁም ሕያው ነበር። ሕዝቡ እየተናገረው ነው ፊደሉ የተወሰደበት።

በ1930 ነገሩ መጥቆር ጀመረ። በካርኪቭ ኦፔራ ቤት 45 ምሁራን ለፍርድ ቀረቡ። «የዩክሬን ነፃ አውጪ ኅብረት» የሚባል ድርጅት አባል ናችሁ ተባሉ። ድርጅቱን የፈጠረው ምስጢራዊ ፖሊሱ ነው። ከተከሳሾቹ ውስጥ የቋንቋ ሊቃውንት ነበሩ። ስክሪፕኒክ የዚያ መንግሥት ትምህርት ሚኒስትር ነው። በሥልጣኑ ቀጠለ።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። ስለ ሆሎዶሞር ብዙ ተጽፏል፤ እኔ አልደግመውም። እህሉ በኮታ ተወሰደ። ኮታ ያልሞሉ መንደሮች ጥቁር መዝገብ ላይ ሰፈሩ። በ1933 መጀመሪያ ገበሬው ከዩክሬን እንዳይወጣ መንገዱ ተዘጋ። ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው አለቀ። እኔን የሚያስደነግጠኝ ቋንቋውና ረሃቡ በአንድ ወረቀት ላይ መገናኘታቸው ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 1932 ስታሊንና ሞሎቶቭ አንድ ውሳኔ ፈረሙ። ውሳኔው ስለ እህል አሰባሰብ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ ግን በኩባን ዩክሬንኛ እንዲቆም ይላል። ጋዜጣው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቢሮው ወደ ራሺያኛ ይዙር ይላል። ስክሪፕኒክ ለዓመታት የተከራከረለት ነገር በአንድ ፊርማ ቀረ።

በጥር 1933 የስታሊን ሰው ፓቬል ፖስቲሼቭ ከሞስኮ ተላከ። በየካቲት መጨረሻ ስክሪፕኒክ ከትምህርት ተነሣ። የፕላን ኮሚሽን ኃላፊ አደረጉት። የቀረው ነገር ስሙን ማጉደፍ ነው። የጽሕፈት ሥርዓቱ ዩክሬንኛን ከራሺያኛ ለመገንጠል የተሸረበ ሴራ ነው ተባለ። ቀንዳሟ ፊደል ሳትቀር በጠላትነት ተከሰሰች። አንድሪ ኽቪልያ የሚባል ባለሥልጣን «የቋንቋ ግንባር» አጽጂ ሆኖ መዝገበ ቃላቱን መልቀም ጀመረ። በዚያው ዓመት ፊደሏ ከፊደል ገበታ ወጣች።

ግንቦት 13 ደራሲው ኽቪልዮቪ ጓደኛው በታሰረ ማግስት ካርኪቭ ላይ ራሱን ገደለ። በሰኔው የፓርቲ ስብሰባ ፖስቲሼቭ ስክሪፕኒክን በስሙ ጠርቶ ወረደበት። ጥፋትህን እመንና ጻፍ ተባለ። ጻፈ። አይበቃም ተባለ። እንደገና ጻፍ ተባለ።

ያን ወረቀት ይዞ ሲቀመጥ አስበዋለሁ። የ61 ዓመት ሰው ነው። የዛር ፖሊስ 15 ጊዜ ይዞት አልበረገገም። አሁን ጠያቂዎቹ የገዛ ጓዶቹ ናቸው። እሱ ራሱ ሹምስኪን የጠየቀበትን ጥያቄ ነው የሚጠይቁት። ምን ብሎ ይመልስ? ፓርቲው ተሳስቷል ቢል ዕድሜውን በሙሉ ሊክድ ነው። እኔ ተሳስቻለሁ ቢል ደግሞ ትምህርት ቤቶቹን፣ መጻሕፍቱን፣ ያቺን ፊደል ሊክድ ነው። ሐምሌ 7 ቀን 1933 ሽጉጡን በራሱ ላይ ተኮሰ።

ፕራቭዳ ድርጊቱን የፈሪ ሥራ ብሎ አወገዘው። በሺሕ የሚቆጠሩ መምህራንና ሠራተኞች «ስክሪፕኒካውያን» እየተባሉ ተጠረጉ። አጽጂዎቹም ቢሆኑ አልተረፉም። በትምህርት ሚኒስቴር የተተካው ዛቶንስኪ በ1938 ተረሸነ። ኽቪልያም በዚያው ዓመት። ፖስቲሼቭ በ1939። ሹምስኪ ከዓመታት ግዞት በኋላ በ1946 ተገደለ። ስም ሲደረደር ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱ ሌላውን ሲከስ የጻፈው ወረቀት ግን መዝገብ ቤት ውስጥ አለ።

ስክሪፕኒክን ልወደው ወይስ ልፍረድበት የሚለውን እስካሁን አልጨረስኩትም። አንዳንድ ዩክሬናውያን ቋንቋችንን ያዳነ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ለአገሪቱ ነፃነት የተነሣውን መንግሥት ያፈረሰው የቦልሼቪክ ጦር ሰው ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። የኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የሚቆጨኝ መኪናውን እየነዳ ያለው እሱ እንደሆነ ማመኑ ነው። ፓርቲው ቋንቋውን የሚያሳድግለት ሥልጣኑ እስኪደላደል ብቻ እንደሆነ ከታጋንሮግ ጀምሮ ምልክት ነበረው። አላየም አልልም። አይቶ ተስፋ አደረገ።

ፊደሏ የተመለሰችው በ1990 ነው። 57 ዓመት ጠፍታ። አጎቴ ካርኪቭ የኖሩት በዚያ መሀል ነው። አንድ ቀን ይህን ሳሰላ ያቺ ባልቴት ትዝ አለችኝ። አጎቴ ሲያውቋት ዕድሜዋ ከ60 አልፏል። እንግዲያው ፊደል የቆጠረችው በስክሪፕኒክ ዘመን ነው። ቀንዳሟን ፊደል በልጅነቷ ጽፋታለች። በረሃቡ ዓመት የአሥር፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። የገጠር አነጋገር የተባለባት ያቺ ሴትዮ፣ በትምህርት ቤት በወጉ የተማረችውን ቋንቋ ነው ለብቻዋ ስታጉተመትም የነበረው።

ጥቅምት 28 ቀን 2024 ማታ የሩሲያ ቦምብ ካርኪቭ ውስጥ ያለ አንድ ዝነኛ ትልቅ ሕንፃ መታ። ከ1925 እስከ 1928 የተሠራ ነው፤ ከተማዋ መዲና በነበረችበት፣ ስክሪፕኒክ በነበረበት ዘመን። ፎቶውን ለአጎቴ ላክሁላቸውና ደወልኩ።

«ጎስፕሮም ነው እኮ!» አሉኝ። ድምፃቸው ተሰበረ። «በየቀኑ ነበር በሥሩ የምናልፈው።»

«በዩክሬንኛ ዴርዥፕሮም ነው የሚባለው ጋሼ» አልኳቸው።

ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ቀስ ብለው «ዴርዥ... ፕሮም» አሉ። ደገሙት።

«ያቺ ዘበኛ» አሉኝ፣ «እሷ እንደዚያ ነበር የምትለው።»